ጉበት ሲሰባ፦ ከጉባ ማዕድ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል

ጉባ የሚለው ስም ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ የሚገኘው ይህ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የግድቡ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለበት ጊዜ አንሥቶ ስሙ ከሀገር አልፎ በዓለም ተሰምቷል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ ተመርቋል። 145 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ ከጀርባው እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ለመያዝ ይችላል። የዚህ ሁሉ ውኃ መጠን የሚወሰነው ግን በሁለት ነገሮች ነው፤ በሚገባውና በሚወጣው። የሚገባው ከሚወጣው ከበለጠ ማጠራቀሚያው ይሞላል። የሚገባው ሳይጨምር መውጫው ቢዘጋም እንዲሁ ይሞላል።

በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ሕግ የሚከተል ሌላ ማጠራቀሚያ እንመለከታለን። እርሱም የሰው ጉበት ነው፤ የሚጠራቀምበትም ስብ ነው። የጉበት ስብ በሽታ ምን እንደሆነ፣ በአኗኗር ለውጥና በክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚታከም፣ ከጉባ ኑሮ ጋር ምን እንደሚያገናኘው በቅደም ተከተል እናያለን። ጉባን የመረጥነው በግድቡ ዝና ብቻ አይደለም። እጥረትና ጥጋብ ጎን ለጎን በሚገኙበት፣ ኑሮም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ በሚለወጥበት ስፍራ የዚህ በሽታ ሁለቱም ፊቶች ጎልተው ስለሚታዩ ነው።

ድምፅ የሌለው በሽታ

ጉበት በአዋቂ ሰው ዘንድ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፣ በቀኝ የጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኝ አካል ነው። ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ ከምግባችን የተገኘው ስኳርና ፕሮቲን በመጀመሪያ የሚደርሰው ከዚህ አካል ደጃፍ ነው። በጤነኛ ጉበት ውስጥ ጥቂት ስብ መኖሩ የተለመደ ነው። ስብ የቋጠሩት የጉበት ሕዋሳት ከመቶ አምስት ሲደርሱና ከዚያም ሲያልፉ ግን ሁኔታው በሽታ ይባላል።

በሽታው ደረጃ በደረጃ ይጓዛል። በመጀመሪያ ስቡ ብቻውን ይከማቻል። ቀጥሎ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሕዋሳቱ ይቆጣሉ፤ ያብጣሉ፤ ይሞታሉ። በሦስተኛው ደረጃ የሞቱት ሕዋሳት ስፍራ በጠባሳ ይተካል። በመጨረሻም ጠባሳው ጉበቱን ሲወርሰው ሲሮሲስ የተባለው ደረጃ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የጉበት ሥራ ማቆምና የጉበት ካንሰር ሊከተሉ ይችላሉ። ደግነቱ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቀራል። ክፋቱ ደግሞ በሽታው ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። በተለምዶ የወፍ በሽታ የምንለው የዓይን ቢጫ መሆንና የሆድ ውኃ መቋጠር የሚታዩት ጉበቱ እጅግ ከተጎዳ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በሽተኛው ጤነኛ ይመስላል፤ እንዲያውም ቦርጩን ያየ ጎረቤት «ተመችቶታል» ሊለው ይችላል።

ቀድሞ እንዲህ ያለ ጉዳት የአልኮል ጠጪዎች ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ተመራማሪ የነበሩት ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው አልኮል በማያዘወትሩ ሕሙማን ጉበት ላይም ይኸው ጉዳት እንደሚገኝ ገለጹ፤ ስምም አወጡለት። ከብዙዎቹ ሕሙማን ጋር አብረው የተገኙት ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የስኳር ሕመም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት ስሙን «ከሜታቦሊዝም መዛባት ጋር የተያያዘ የጉበት ስብ በሽታ» ወደሚል ለውጠውታል። ዛሬ በዓለም ላይ ከአራት አዋቂዎች ቢያንስ አንዱ በጉበቱ ውስጥ ከሚገባው በላይ ስብ እንዳለው ይገመታል።

ሦስት መግቢያዎችና ሁለት መውጫዎች

ወደ ጉበት የሚገባው ስብ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው «ከምንበላው ቅባት» ብሎ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በዘጠኝ ሕሙማን ላይ የተካሄደ ጥናት ግን ያልተጠበቀ መልስ ሰጠ። ተመራማሪዎቹ ምልክት የተደረገበት ስብ ለሕሙማኑ ሰጥተው ጉዞውን ሲከታተሉ፣ ከጉበት ስብ 59 በመቶው በቆዳ ሥርና በሆድ ዕቃ ዙሪያ ከተከማቸው የሰውነት ስብ የመጣ ሆኖ ተገኘ። 26 በመቶው ጉበት ራሱ በአብዛኛው ከስኳር የሠራው ነበር። በቀጥታ ከተበላ ቅባት የመጣው 15 በመቶ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው መግቢያ የሚከፈተው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሥራውን በሚገባ መሥራት ሲያቅተው ነው። ኢንሱሊን የሰውነት ስብ ከማከማቻው እንዳይለቀቅ ይከለክላል። ሰውነት ለኢንሱሊን ትእዛዝ አልታዘዝ ሲል ግን ስቡ ቀን ከሌት ወደ ደም ይፈስሳል፤ ጉበትም ይቀበለዋል። ሁለተኛውን መግቢያ በተለይ የሚያሰፋው በጣፋጭ መጠጦች ውስጥ የሚገኘው ፍሩክቶስ የተባለው የስኳር ዓይነት ነው፤ አብዛኛው የሚሠራበት በጉበት ውስጥ ነውና። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በአማካይ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ይህም ከሰባት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው።

መውጫዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ስቡን ለኃይል ማቃጠል ነው። ሁለተኛው ስቡን ከፕሮቲን ጋር አስሮ ወደ ደም መላክ ነው፤ ጡንቻና ሌሎች አካላት ይጠቀሙበታል። የዚህን ሁለተኛ መውጫ ነገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን። ፕሮቲን ከሌለ ስቡ የሚጫንበት ተሽከርካሪ የለም፤ ስለዚህ መውጫው ይዘጋል።

ረኃብም ጉበትን ያሰባል

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም በዛሬዋ ጋና ሲሠሩ፣ ጡት በጣሉና በቆሎ ብቻ በሚበሉ ሕፃናት ላይ የሚታይ በሽታ ገለጹ። የሕፃናቱ እግር ያብጣል፤ ፀጉራቸው ይገረጣል። ዊሊያምስ በጋ ቋንቋ የሚጠራበትን ስም ተውሰው ክዋሺዮርኮር አሉት፤ ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዝ በሽታ እንደ ማለት ነው። የእነዚህ ሕፃናት ጉበት ሲመረመር በስብ የተሞላ ሆኖ ተገኝቷል።

የተራበ ሕፃን ጉበት እንዴት ይሰባል? ዋናው መልስ ከላይ የጠቀስነው መውጫ ነው። ጉበቱ ስብን የሚያጓጉዝበትን ፕሮቲን ለመሥራት ስለማይችል የገባው ጥቂት ስብ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ የሰባ ጉበት የጥጋብ በሽታ ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን መግቢያው ሲጎርፍ፣ በሌላ ወገን መውጫው ሲዘጋ፣ ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች የሚደረስበት አንድ ጉዳት ነው።

ይህ በሀገራችን የሩቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወፈሩት 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በከተማ 21 በመቶ፣ በገጠር 4 በመቶ መሆናቸው ደግሞ ለውጡ በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ ያመለክታል። አንዱ ችግር ሳይለቅቀን ሌላው ደርሶብናል ማለት ነው።

የጉባ ማዕድ

በጉባና በአካባቢው ከሚኖሩ ሕዝቦች አንዱ ጉሙዝ ነው። ጉሙዞች ለብዙ ዘመን መሬቱን እያፈራረቁ በዶማና በመኮትኮቻ አርሰዋል፤ ከዓባይና ከበለስ ወንዞች ዓሣ አስግረዋል፤ ማር ቆርጠዋል፤ አድነዋል። የማዕዱ መሠረት ማሽላ ነው። ከማሽላ ገንፎ ጋር ባሚያ፣ የዱር ቅጠላ ቅጠልና በክረምት የሚለቀም የቀርከሃ ቡቃያ ይበላል። የጉሙዝ ሴት በትከሻዋ ላይ በተጋደመ ዘንግ ሁለት ጫፍ ውኃና እንጨት አንጠልጥላ ረጅም መንገድ ትሄዳለች።

ይህን ኑሮ በጉበት ዓይን ስናየው ብዙ መልካም ነገር እናገኝበታለን። ያልተፈተገ ማሽላ፣ አሰር የበዛበት ቅጠል፣ የዓሣ ፕሮቲንና የዕለት እንቅስቃሴ መግቢያዎቹን ያጠብባሉ፤ መውጫዎቹን ይከፍታሉ። ነገር ግን ኑሮውን ማሳመር አይገባንም። ዝናብ ባጠረ ጊዜ፣ ወይም በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን እንደሆነው ሰው በግጭት ከቀዬው በተፈናቀለ ጊዜ፣ ይኸው ማዕድ ይራቆታል። ያን ጊዜ በቅድሚያ የሚጎዱት ጡት የጣሉ ሕፃናት ናቸው።

በሌላ በኩል መንገድና ገበያ ሲስፋፋ፣ ደመወዝተኛ ሲበዛ፣ ለስላሳ መጠጥ፣ የረጋ ዘይትና የተፈተገ የስንዴ ዱቄት ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። ሸክሙን መኪና ይይዘዋል፤ ዶማውን ሞተር ይተካዋል። ይህ ለደከመ ሰው ዕረፍት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ጥያቄው ሰውነት ለዚህ ፈጣን ለውጥ ምን ይመልሳል የሚለው ነው።

ከባሕር ማዶ የተገኘ ትምህርት

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን የራሳችን ወገኖች ታሪክ ነው። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። አብዛኞቹ ከጎንደር ገጠር የወጡ ገበሬዎች ነበሩ። እዚያ በደረሱ ጊዜ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ የስኳር ሕመምም በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የእስራኤል ሐኪሞች በእነዚህ ሰዎች መካከል የስኳር ሕመም በፍጥነት መጨመሩን ተመለከቱ፤ ከ1980ዎቹ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡ ጥናቶችም ይህንኑ አረጋግጠዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው ሕመሙ የያዛቸው ከሌሎች የሀገሪቱ ነዋሪዎች ባነሰ ውፍረት ላይ ሳሉ መሆኑ ነው።

እነዚህ ጥናቶች የለኩት የስኳር ሕመምን እንጂ የጉበት ስብን አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱ በሽታዎች ከአንድ ሥር የሚበቅሉ ናቸው፤ ሥሩም የኢንሱሊን ትእዛዝ አለመከበር ነው። የዘር ውርስ በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ የተለወጠው ማዕዱና የእግር መንገዱ ነበር። በጎንደር ገበሬ ላይ የደረሰው በጉባ ገበሬ ልጅ ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም። ከገጠር ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚኖረው የዚህ መጽሔት አንባቢም ነገሩ ቅርብ ነው።

ኪሎዎችን መቀነስ

የበሽታው ዋና ሕክምና ክብደትን መቀነስ ነው። ምን ያህል? በዚህ ረገድ በኩባ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ግልጽ መልስ አለው። ጉበታቸው በስብ የተቆጣ 293 ሕሙማን ለ52 ሳምንታት አመጋገባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተካክሉ ተደረገ፤ በመጨረሻም ከጉበታቸው ናሙና ተወስዶ ታየ። ከሰውነት ክብደታቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት 90 በመቶዎቹ ከጉበት መቆጣት ዳኑ፤ 45 በመቶዎቹም የነበረባቸው ጠባሳ ቀለል አለ። 85 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 10 በመቶ ማለት ስምንት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው። ሆኖም ከተሳታፊዎቹ እዚህ ግብ ላይ የደረሱት ከአሥር አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ፍቱን ነው፤ የሚከብደው መዋጡ ነው።

ለውጡን ለመጀመር ግን ሁሉንም መድረስ ግድ አይደለም። 5 በመቶ የቀነሰ ሰው የጉበቱ ስብ መጉደል ይጀምራል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ክብደት ባይቀንስ እንኳ የጉበትን ስብ ይቀንሳል፤ ጡንቻ ስቡን ስለሚያቃጥለው መውጫው ይሰፋል። ቡና የሚጠጡ ሰዎች ከማይጠጡት ይልቅ የጉበት ጠባሳ እንደሚያንስባቸው ብዙ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ለቡና ሀገር ሰው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሲኒውን በስኳር ካልሞላነው በቀር።

ቀዶ ሕክምናና የመጀመሪያው ስሕተት

ኪሎውን በራሱ ጥረት መቀነስ ላቃተው ሰው ቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ከፍቷል። የዚህ ሕክምና አጀማመር ግን ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሚኒሶታ የነበሩ ቀዶ ሐኪሞች ምግብ አብዛኛውን ትንሹን አንጀት እንዳይነካ አድርገው የአንጀቱን መጀመሪያ ከመጨረሻው አጠገብ የማገናኘት ዘዴ አስተዋወቁ። ዘዴው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ተስፋፋ። ሕሙማኑ በእርግጥ ከሱ። አንዳንዶቹ ግን ጉበታቸው ይበልጥ ሰብቶ፣ ተቆጥቶና ሥራውን አቁሞ ሞቱ። ፕሮቲን ሳይመጠጥ ስለሚያልፍና በተተወው አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ ስለሚራባ፣ ወፍራሞቹ ሕሙማን በክዋሺዮርኮር እንደተያዙት ሕፃናት ሆኑ። መግቢያው ሲጠብ መውጫው አብሮ ተዘጋ። ዘዴው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ተተወ።

ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ዘዴዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1966 በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን ከጀመሩት ሥራ የዳበረ ሲሆን፣ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። በሁለተኛው ዘዴ ከጨጓራው ሦስት አራተኛው ያህል ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ እጅጌ የጠበበ ቱቦ ይሆናል። ሁለቱም የሚሠሩት ቦታ በማጥበብ ብቻ አይደለም። የረኃብ ስሜት የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በተለይ በሁለተኛው ዘዴ ይቀንሳል፤ ከአንጀት የሚመነጨውና ጂኤልፒ-1 የተባለው የጥጋብ ሆርሞን ደግሞ ይጨምራል።

ውጤቱስ? በሮም ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ጥናት 288 ሕሙማን በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ የጉበት መቆጣት የጠፋላቸው ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ክፍል 56 በመቶ፣ ከሁለተኛው 57 በመቶ፣ የአኗኗር ለውጥ ከተመከሩት ግን 16 በመቶ ነበሩ። በአሜሪካ የክሊቭላንድ ክሊኒክ 1,158 ሕሙማንን ወደ ኋላ ተመልሶ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሥራ ደግሞ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከባድ የጉበት አደጋ የደረሰባቸው ከታከሙት 2.3 በመቶ፣ ካልታከሙት 9.6 በመቶ መሆናቸውን ገልጿል። በዚያው ጥናት ከ650 ቀዶ ሕክምና ካደረጉት አራቱ በአንደኛው ዓመት ውስጥ በሕክምናው መዘዝ ሞተዋል። ጥቅሙና ዋጋው በአንድ ሚዛን ላይ መታየት አለባቸው።

ስለሆነም ሕክምናው ለሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሙያ ማኅበራት መመሪያ፣ ክብደት በኪሎ ግራም ለቁመት በሜትር ስኩዌር ሲካፈል 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ይፈቅደዋል፤ ከ30 እስከ 35 ለሆነውም የስኳር ሕመምን የመሰለ የሜታቦሊዝም በሽታ ካለበት ሊታሰብ ይችላል። ጉበቱ በሲሮሲስ ተሸንፎ ሆዱ ውኃ ለቋጠረ ሰው ግን ቀዶ ሕክምናው ራሱ አደጋ ነው። የታከመውም ሰው ዕድሜ ልኩን ቫይታሚንና ብረት መውሰድ፣ ፕሮቲንን መጠበቅና በሐኪም መታየት ግዴታው ነው። ይህን ክትትል የማያገኝ ሰው የ1960ዎቹን ታሪክ በራሱ ላይ ሊደግመው ይችላል።

በቅርቡ መድኃኒቶችም መጥተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሬስሜቲሮም የተባለውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024፣ ጂኤልፒ-1ን የሚመስለውን ሴማግሉታይድ ደግሞ በነሐሴ 2025 ለዚሁ የጉበት መቆጣት ፈቅዷል። ሁለቱም እጅግ ውድ ናቸው።

ለጉባ የሚበጀው

ጉባ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳም ከዓባይ ማዶ ናት። በጉባ የሚኖር ሰው የተባለውን ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ረጅም መንገድ መሄድ፣ ከዚያም በየጊዜው ለክትትል መመላለስ ይኖርበታል። ስለዚህ ለወረዳው ዋነኛው ሕክምና በሽታው ሳይመጣ መከላከል ነው።

ይህ ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። የወገብ ዙሪያን በሜትር መለካት ለማንኛውም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይቻላል፤ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ጠላና አረቄን መቀነስ፣ ሕፃናትን ጉበት ከሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ማስከተብ፣ ለስላሳ መጠጥን የዘወትር አለማድረግ በእያንዳንዱ ቤት የሚፈጸሙ ናቸው። መንግሥትም በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 ስኳር በበዛባቸው ለስላሳ መጠጦች ላይ ኤክሳይስ ታክስ መጣሉ በዚሁ መንገድ የሚታይ ነው። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ደግሞ ዓሣ ይሰጣል። ያ ዓሣ ወደ ሩቅ ገበያ ብቻ ሳይጫን ለጉባ ሕፃን ገንፎ ማባያ ቢሆን፣ በረኃብ በኩል ያለውን የጉበት ስብ በር ይዘጋል። ማሽላውና ባሚያው የድህነት ምልክት ተደርገው ባይናቁ ደግሞ በጥጋብ በኩል ያለው በር ይጠብባል።

ለተማሪ አንባቢያችንም አንድ ቃል አለን። ክብደት ለመቀነስ ሲባል በአንድ ጊዜ ምግብ መተው መፍትሔ አይደለም፤ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል፤ ባቄላው፣ ምስሩና ዓሣው ከማዕዱ መጥፋት የለባቸውም። የግድብ መሐንዲስ የሚገባውን ውኃ ብቻ ለክቶ አይተኛም፤ የሚወጣውንም ይለካል። ለጉበታችንም ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃውም።